ካንሰር ጠፍጣፋ አይደለም፦ የባለ ሦስት አውታር ሴል ካልቸር ታሪክ

ድፎ ዳቦ የጋገረ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። እሳቱ ከላይም ከታችም ቢነድ፣ ሊጡ ከልክ በላይ ከወፈረ ዳር ዳሩ ሲያር መሐሉ ሳይበስል ይቀራል። እንጀራ ላይ ይህ ጣጣ የለም። ስስ ስለሆነ ሙቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉንም ቦታ ያዳርሰዋል። ልዩነቱን ያመጣው የእሳቱ ኃይል ሳይሆን ውፍረቱ ነው።

ይህን ያነሳሁት ስለ ጋገራ ላወራችሁ አይደለም። የካንሰር ተመራማሪዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት ድፎ ዳቦን ለመረዳት እንጀራ ሲያጠኑ እንደኖሩ ልነግራችሁ ነው። በሰው አካል ውስጥ ያለ የካንሰር እጢ ዳርና መሐል አለው፣ ውፍረትና ጥልቀት አለው። በቤተ ሙከራ የሚያድጉት የካንሰር ሴሎች ግን በሳህን ላይ እንደ ምንጣፍ የተነጠፉ፣ አንድ ረድፍ ብቻ የሆኑ ናቸው። መድኃኒት ሲጨመርባቸው ለሁሉም እኩል ይደርሳቸዋል። በሰው አካል ውስጥ ግን እንዲህ ያለ እኩልነት የለም።

እኔ ወደዚህ ዘርፍ የገባሁት ከምህንድስና ነው። መጀመሪያ ከሠራኋቸው ሙከራዎች በአንዱ ያንኑ ሴል፣ ያንኑ መድኃኒት፣ ያንኑ መጠን ወስጄ ግማሹን በጠፍጣፋ ሳህን፣ ግማሹን ደግሞ እንደ ትንሽ ኳስ በተጠራቀሙ ሴሎች ላይ ሞከርኩት። በሦስተኛው ቀን ሳህኑ ላይ የቀረ ሴል የለም ማለት ይቻላል። ኳሶቹ ግን ዳራቸው ትንሽ ከመላላጡ በቀር ውስጣቸው ደህና ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስሌቴን ነው። ደግሜ ሠራሁት፤ ያው ሆነ። በኋላ ሳነብ እኔን ያስገረመኝ ነገር ከተወለድኩበት ዘመን በፊት ጀምሮ ሲታወቅ የኖረ ሆኖ አገኘሁት። ታዲያ ይህን ያህል ጊዜ ሲታወቅ ከኖረ፣ ዛሬም ድረስ አብዛኛው ሥራችን በጠፍጣፋ ሳህን ላይ የሚካሄደው ለምንድን ነው? መልሱ ታሪኩ ውስጥ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው ጠፍጣፋ አልነበረም

የሴል ካልቸር ማለት ከሕያው አካል የወጡ ሴሎችን ከአካል ውጪ፣ ምግባቸውን እያቀረቡ በሕይወት ማቆየትና ማሳደግ ነው። የዚህ ሙያ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው በ1907 ከአሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን ነው። የሃሪሰን ጥያቄ ከካንሰር ጋር አይገናኝም። የነርቭ ክር ከነርቭ ሴል ውስጥ አድጎ ይወጣል ወይስ በሌላ መንገድ ይሠራል የሚለው ክርክር ነበር ያስጨነቀው። ከእንቁራሪት ሽል ላይ የነርቭ ሕብረ ሕዋስ ቁራሽ ወሰደ። በእንቁራሪት ሊምፍ ጠብታ ውስጥ ከተተውና ጠብታውን ከስስ መስታወት ላይ ቁልቁል አንጠለጠለው። ሊምፉ ረጋ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያየ የነርቩ ክር ከሴሉ ወጥቶ ሲያድግ ተመለከተ። ክርክሩም ወደ መቋጫው ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የሃሪሰን ሴሎች ያደጉት በረጋ ሊምፍ ውስጥ ነው፤ ማለትም በላይም በታችም በጎንም በሚነካቸው ለስላሳ ነገር ተከበው። ዛሬ «ባለ ሦስት አውታር» የምንለው ነገር በመነሻው ቀን ነበረ ማለት ነው።

በዚያው በ1907 ሌላ አሜሪካዊ፣ ሄንሪ ዊልሰን፣ ስፖንጅ የሚባለውን የባሕር እንስሳ በወንፊት ጨርቅ አጥልሎ ሴሎቹን አንድ በአንድ በተነ። የተበተኑት ሴሎች ተንፏቀው ተገናኙ፣ ተጠራቀሙ፣ ቀስ በቀስም አዲስ ስፖንጅ ሆኑ። ሴል ብቻውን ሲቀር ጎረቤቱን ይፈልጋል፤ ሲያገኘውም ቅርጽ ይሠራል። በ1950ዎቹ አሮን ሞስኮና ከጫጩት ሽል የወሰዳቸውን ሴሎች በኢንዛይም ለያይቶ ተመሳሳይ ነገር አሳየ፦ የተለያዩት ሴሎች እንደገና ተሰብስበው የመጡበትን አካል የሚመስል አሠራር ፈጠሩ። እነዚህ ሥራዎች በጊዜው የሽል ዕድገት ጥናት ተብለው በአንድ በኩል ተቀመጡ። ካንሰርን የሚያጠኑት ሰዎች ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘው ነበር።

የትም ፍጪው፣ ዱቄቱን አምጪው

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ሴል ማሳደግ ከጥበብነት ወጥቶ እንደ ፋብሪካ ሥራ መሆን ጀመረ። በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ዊልተን ኧርል ሴሎችን በቀጥታ በመስታወት ላይ በብዛት ማሳደግ ቻለ። ሃሪ ኢግል በ1955 ሴሎች በትክክል የትኞቹን ንጥረ ነገሮች እንደሚፈልጉ ለይቶ የምግባቸውን ቀመር አወጣ። ከዚያ በፊት ከእንስሳት ደምና ከሽል ጭማቂ በግምት ይዘጋጅ የነበረው ምግብ በግራም የሚለካ ሆነ።

በመሐሉ የ1951 ታሪክ አለ። ሄንሪዬታ ላክስ የተባለች የአምስት ልጆች እናት የሆነች ጥቁር አሜሪካዊት በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ለማሕፀን ጫፍ ካንሰር ስትታከም፣ ከእጢዋ ላይ ቁራሽ ተወሰደ። ለምርምር እንደሚውል አልተነገራትም፤ ፈቃዷም አልተጠየቀም። ቁራሹ ጆርጅ ጋይ ወደሚባል ተመራማሪ ቤተ ሙከራ ሄደ። ሌሎች የሰው ሴሎች ከቀናት በላይ በማይቆዩበት ቦታ የእርሷ ሴሎች ያለማቋረጥ ተባዙ። ሄንሪዬታ በዚያው ዓመት በ31 ዓመቷ አረፈች። «ሂላ» ተብለው የተሰየሙት ሴሎቿ ግን ዛሬም በመላው ዓለም ይራባሉ። የፖሊዮ ክትባት የተፈተሸው በእነርሱ ነው። እኛ ተመራማሪዎች ስማቸውን ስንጠራ ከኋላው ሰው እንዳለች መርሳት የለብንም።

ሂላ፣ የኢግል ምግብና የመስታወት ሳህን ሲገናኙ የዘመኑ መደበኛ አሠራር ተወለደ። በ1956 ቴዎዶር ፐክና ፊሊፕ ማርከስ የሂላ ሴሎችን በሳህን ላይ በትነው ጨረር አሳረፉባቸው፤ ከዚያም ስንቱ ተርፎ መባዛት እንደሚችል ቆጠሩ። የሰው ሴል በጨረር መጠን ልክ እንዴት እንደሚሞት የሚያሳይ የመጀመሪያው ኩርባ ተሳለ። ለሕክምናው ዓለም ትልቅ ነገር ነበር።

እንደ ኢንጂነር ስናገር ጠፍጣፋውን ሳህን መውቀስ አልፈልግም። ማይክሮስኮፕ በአንድ ጊዜ አጥርቶ የሚያየው አንድ ስስ ወለል ነው፤ ስለዚህ አንድ ረድፍ ሴል ለዓይን ምቹ ነው። ሁሉም ሴል እኩል ምግብ፣ እኩል አየር፣ እኩል መድኃኒት ያገኛል። ስለዚህ ውጤቱ ይቆጠራል፣ ይደገማል፣ ከሌላ ቤተ ሙከራ ውጤት ጋር ይነጻጸራል። ሳይንስ ያለ እነዚህ አይሄድም።

ችግሩ ሳህኑ ውስጥ ሳይሆን ሳንናገረው በያዝነው እምነት ውስጥ ነበር። «የትም ፍጪው፣ ዱቄቱን አምጪው» ይባላል። የሴል ካልቸር ዓለምም እንዲሁ አሰበ። ሴሉ የካንሰር ሴል እስከሆነ ድረስ፣ ዘረመሉም ያው እስከሆነ ድረስ፣ የት አደገ የት ምን ለውጥ ያመጣል? ጥያቄውን መጀመሪያ በቁጥር የመለሱት የሴል ካልቸር ሰዎች አልነበሩም። ጨረር የሚያጠና አንድ የፊዚክስ ሰውና አንድ ሐኪም ናቸው።

ሁለት ፀጉር የሚያህል ርቀት

ሉዊስ ሃሮልድ ግሬይ እንግሊዛዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። ዛሬ ሆስፒታሎች የጨረር መጠን የሚለኩበት «ግሬይ» የተባለው መለኪያ በስሙ የተሰየመ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ እርሱን የያዘው ጥያቄ ኦክስጅን ነበር። ጨረር ሴልን የሚገድለው በዋናነት ዲኤንኤውን በመጉዳት ነው። ኦክስጅን በአካባቢው ካለ ጉዳቱ የማይመለስ ይሆናል፤ ከሌለ ግን ከፊሉ ይስተካከላል። ስለዚህ ኦክስጅን ያጣ ሴልን ለመግደል ኦክስጅን ካገኘው ሴል እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ጨረር ያስፈልጋል።

በ1955 ግሬይና ቶምሊንሰን የተባለው ሐኪም ከሰው የወጡ የሳንባ ካንሰር ናሙናዎችን በማይክሮስኮፕ መርምረው አንድ ጽሑፍ አወጡ። በናሙናዎቹ ውስጥ የካንሰር ሴሎቹ እንደ ገመድ ተጠቅልለው ይታያሉ። የደም ስሮቹ በገመዱ ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች በማስመሪያ ለኩ። ራዲየሳቸው ከ160 ማይክሮሜትር ያነሰ ገመዶች መሐላቸው አልሞተም። ከ200 ማይክሮሜትር የበለጡት ደግሞ ሁሉም መሐላቸው ሞቷል። ገመዱ የቱንም ያህል ቢወፍር፣ በሕይወት ያለው የዳሩ ንብርብር ከ180 ማይክሮሜትር አላለፈም። ይህ የሁለት ፀጉር ውፍረት ያህል ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? እዚህ ላይ የእኔ ሙያ ይገባል። ከደም ስር የወጣ ኦክስጅን ወደ ሴሎች የሚሄደው በዲፊውዥን ነው፤ ማለትም ሞለኪውሎች ማንም ሳይገፋቸው ከበዛበት ወደ ጎደለበት በዘፈቀደ እየተንቀሳቀሱ ነው። ይህ ጉዞ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ርቀቱ አሥር እጥፍ ሲሆን ጊዜው መቶ እጥፍ። አንድ ትንሽ ሞለኪውል ውሃ ውስጥ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ለመጓዝ አምስት ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። አንድ ሴንቲሜትር ለመጓዝ ግን 14 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በዚህ ላይ በመንገዱ ያሉት ሴሎች ዝም ብለው አያሳልፉትም፤ እየተነፈሱ ይጨርሱታል። አቅርቦትና ፍጆታ ሚዛን የሚመቱበት ርቀት ላይ ኦክስጅኑ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ይሞታል።

ከሞቱት ይልቅ ግን የሚያስፈራው ሌላ ነው። በሞተው መሐልና በጠገበው ዳር መካከል፣ ኦክስጅን አጥረው ግን ገና ያልሞቱ ሴሎች አሉ። ጨረር ሲመጣ የዳሩን ይጠርጋል፤ እነዚህ ግን ይተርፋሉ። የዳሮቹ ሲሞቱ ደግሞ ለተረፉት ምግብና አየር ይደርሳቸዋል፤ እንደገና መባዛት ይጀምራሉ። «እጢው ጠፍቶ ነበር፣ ተመልሶ መጣ» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ እዚህ ጋ ተደብቆ ይገኛል።

የጨረር ሕክምና የሚከታተል ዘመድ ያላችሁ ሰዎች፣ ሕክምናው ለምን በአንድ ቀን እንደማያልቅና ታማሚው ለምን ለሳምንታት እንደሚመላለስ ጠይቃችሁ ይሆናል። አንደኛው ምክንያት ጤነኛው ሕብረ ሕዋስ በመሐል እንዲያገግም ነው። ሌላው ደግሞ ይህ ነው፦ በየቀኑ ዳሩ በተነሳ ቁጥር ትናንት አየር አጥሮት የነበረው ሴል ዛሬ አየር ያገኛል፤ ነገ ደግሞ ለጨረሩ ይጋለጣል። ድካሙ በከንቱ አይደለም።

ሴሎቹ እርስ በርስ ሲጣበቁ

የፐክና የማርከስ ጠፍጣፋ ሳህን ይህን ሁሉ ሊያሳይ አይችልም ነበር። በሳህኑ ላይ «መሐል» የሚባል ነገር የለማ። ስለዚህ ዳርና መሐል ያለው፣ ግን እንደ ሳህኑ የሚለካና የሚደገም ነገር አስፈለገ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ ኦንታሪዮ ሮበርት ሰዘርላንድና ባልደረቦቹ ይህን ሠሩ። ከሃምስተር ሳንባ የመጡ ሴሎችን በሚሽከረከር ፈሳሽ ውስጥ አቆዩአቸው። የሚለጠፉበት ወለል ያጡት ሴሎች እርስ በርስ ተጣበቁ፤ ተባዝተውም ድቡልቡል ኳስ ሆኑ። ኳሱ «ስፌሮይድ» ተባለ።

ስፌሮይዱ አድጎ ሲቆረጥ ውስጡ የቶምሊንሰንና የግሬይ ናሙና መስሎ ተገኘ። በዳሩ የሚባዙ ሴሎች፣ ቀጥሎ መባዛት ያቆሙ ሴሎች፣ መሐሉ ላይ የሞቱ ሴሎች። ጨረር ሲያርፍበት ደግሞ የሚሰጠው ኩርባ አንድ ወጥ አልነበረም። በቀላሉ የሚሞቱና የሚያስቸግሩ ሴሎች በአንድ ኳስ ውስጥ አብረው እንዳሉ ኩርባው ራሱ ተናገረ። በሰው አካል ውስጥ የተገመተው ነገር በጠርሙስ ውስጥ ተደገመ።

ቀጥሎ የመጣው ግኝት ይበልጥ ያልተጠበቀ ነው። ሰዘርላንድና ራልፍ ዱራንድ፣ ሁሉም ሴሎች በቂ ኦክስጅን በሚያገኙባቸው ትንንሽ ስፌሮይዶች ላይ እንኳ ሴሎቹ ከነጠላ ሴሎች ይልቅ ጨረርን እንደሚቋቋሙ አዩ። እዚህ ኦክስጅን ሰበብ ሊሆን አይችልም። ሴሎቹ መነካካታቸው በራሱ ጉዳትን የመጠገን አቅማቸውን ጨምሮታል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ለበጎ ነገር ብቻ የሚሠራ መስሎን ነበር፤ ለካ ለካንሰርም ይሠራል።

የመድኃኒቱም ነገር እንዲሁ ነው። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የታወቀ የካንሰር መድኃኒት ለተመራማሪ የሚመች ጠባይ አለው፤ ተስማሚ ብርሃን ሲበራበት ራሱ ያበራል። ስለዚህ የት እንደደረሰ ማየት ይቻላል። በጠፍጣፋ ሳህን ላይ በየሴሉ ውስጥ ይታያል። በስፌሮይድ ላይ ግን የዳሩን ሴሎች ቀለበት አድርጎ ያበራና መሐሉን ጨለማ ይተወዋል። የዳሮቹ ሴሎች ዲኤንኤ መድኃኒቱን እየያዘ ያስቀረዋል፤ ወደ ውስጥ የሚያልፈው ጥቂት ነው። እኔም ያን ቀን ስሌቴን የጠረጠርኩት ይህን ሳላውቅ ነው። የተጠቀምኩት መድኃኒት ሌላ ቢሆንም ጉዳዩ ያው ነበር።

በ1977 ደግሞ ዩሃስና ባልደረቦቹ ነገሩን አቀለሉት። የሚሽከረከር ጠርሙስ አላስፈለጋቸውም፤ ሳህኑን ሴል የማይጣበቅበት አጋር በሚባል ነገር ለበጡት፣ በቃ። ዛሬ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ያለው 96 ጉድጓድ ያለው ሳህን የዚህ ሐሳብ ልጅ ነው።

ጎረቤት ሴልን ሲለውጠው

እስካሁን ያወራነው ስለ ርቀት ነው። ኢንጂነር ስለሆንኩ ይህ ክፍል ይጥመኛል። ግን ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ሴል ማለት ምግብ የሚደርሰው ወይም የማይደርሰው ዕቃ ብቻ በሆነ ነበር። ነገሩ ከዚያ በላይ መሆኑን ካሳዩት ሰዎች ግንባር ቀደሟ ሚና ቢሴል ናት። በኢራን ተወልዳ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሄደችው ቢሴል አብዛኛውን የሥራ ዘመኗን ያሳለፈችው በካሊፎርኒያ በርክሌይ ነው።

በ1984 ከዴቪድ ዶልበርግ ጋር የሠራችው ሙከራ እንዲህ ነው። በዶሮ ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከ1911 ጀምሮ የሚታወቀውን የራውስ ቫይረስ ወደ ጫጩት ሽል አስገቡ። ቫይረሱ በሽሉ ሴሎች ውስጥ ገባ፤ ካንሰር አምጪው ዘረመሉም ሥራውን ጀመረ። ሽሉ ግን እጢ አላበቀለም። ከዚያ ያንኑ ሕብረ ሕዋስ ለያይተው ሴሎቹን በሳህን ላይ ሲያሳድጓቸው ወደ ካንሰርነት ተለወጡ። ቫይረሱ ያው፣ ዘረመሉ ያው፣ ሴሉም ያው። የተለወጠው ቤቱ ብቻ ነው።

በአካል ውስጥ ሴል ባዶ ቦታ ላይ አይንሳፈፍም። ዙሪያውን ከፕሮቲን የተሠራ መረብ ይዞታል፤ ማትሪክስ ይባላል። የጡት ወተት የሚሠሩ ሴሎች ከአይጥ ወጥተው በፕላስቲክ ላይ ሲቀመጡ ሙያቸውን ይረሳሉ። በ1977 ኤመርማንና ፒቴልካ እነዚያኑ ሴሎች ፈሳሽ ላይ በሚንሳፈፍ የኮላጅን ጄል ላይ ሲያሳድጓቸው ግን ሙያቸውን ይዘው ቆዩ። ስለዚህ ተስማሚ ጄል የግድ ሆነ። በ1980ዎቹ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሃይንዳ ክላይንማንና ጆርጅ ማርቲን ከአንድ የአይጥ እጢ በማትሪክስ ፕሮቲኖች የበለጸገ ፈሳሽ አወጡ። ሲቀዘቅዝ ይፈሳል፤ በሰውነት ሙቀት ላይ ይረጋል። ማትሪጄል በሚል ስም ዛሬም በየቤተ ሙከራው ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ።

ቢሴልና የዴንማርክ ባልደረቦቿ በ1992 ከሰው ጡት የተወሰዱ ጤነኛና የካንሰር ሴሎችን በዚህ ዓይነት ጄል ውስጥ አሳደጉ። በጠፍጣፋ ሳህን ላይ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል፤ ሁለቱም ተነጥፈው ይባዛሉ። በጄሉ ውስጥ ግን ልዩነቱ ፍንትው ብሎ ወጣ። ጤነኞቹ ትንሽ ክብ ሠርተው መባዛት አቆሙ። የካንሰሮቹ ቅርጽ አልባ ሆነው ማደጋቸውን ቀጠሉ። ጤነኛን ከታማሚ የሚለየው ምልክት ሳህኑ ላይ ጠፍቶ የነበረው ጥልቀት ስላልነበረው ነው።

በ1997 ከቫለሪ ዊቨር ጋር ያወጡት ሥራ ደግሞ ዘርፉን አነጋገረ። ሴል ማትሪክሱን የሚጨብጥባቸው ኢንተግሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ከእነዚህ አንዱን የሚዘጋ ፀረ እንግዳ አካል በጄል ውስጥ ላሉት የካንሰር ሴሎች ሲሰጥ፣ ሴሎቹ እንደ ጤነኞቹ ሥርዓት ይዘው ክብ ሠሩና መባዛት አቆሙ። የዘረመል ስህተቶቻቸው ከነሙሉነታቸው እዚያው አሉ። ፀረ እንግዳ አካሉ ሲነሳ ወደ ቀድሞ ባሕርያቸው ተመለሱ። ይህ መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም። ግን «ዘረመሉ ከተበላሸ ዕጣ ፈንታው ተቆርጧል» የሚለውን እምነት ነቅንቆታል። የትም ፍጪው ማለት አይሠራም፤ የት ተፈጨ የሚለው ዱቄቱን ይለውጠዋል።

ከታማሚው ራሱ

በ2009 በኔዘርላንድ ቶሺሮ ሳቶና ሃንስ ክሌቨርስ ከአይጥ አንጀት የወሰዱትን አንድ ግንደ ሕዋስ በማትሪጄል ውስጥ አስቀምጠው ትክክለኛ የዕድገት ምልክቶችን ሰጡት። ሴሉ የአንጀትን ግድግዳ የሚመስል፣ እጥፋትና የተለያዩ የሴል ዓይነቶች ያሉት ትንሽ ነገር ሠራ። ኦርጋኖይድ አሉት። ብዙም ሳይቆይ ይኸው ዘዴ ከታማሚዎች በተወሰደ የካንሰር ናሙና ላይ ዋለ። ይህ ከሂላ ዘመን የተለየ ነገር ነው፤ የአንዲት ሴት ሴል የሁሉንም ሰው ካንሰር ከሚወክል ይልቅ እያንዳንዱ ታማሚ የራሱ ሞዴል ሊኖረው ይችላል።

ሞዴሉ ግን እውነት ይናገራል? በ2018 በዋናነት በለንደን የሚሠሩ ተመራማሪዎች የተሰራጨ የጨጓራና የአንጀት ካንሰር ካለባቸው ታማሚዎች ኦርጋኖይድ አሳድገው፣ መድኃኒት በኦርጋኖይዱ ላይ ያሳየውን ውጤት በታማሚው ላይ ካሳየው ጋር አነጻጸሩ። ኦርጋኖይዱ «ይሠራል» ካላቸው 88 በመቶው በታማሚውም ሠሩ። «አይሠራም» ካላቸው ውስጥ ደግሞ በታማሚው ላይ የሠራ አንድም አልነበረም። የተነጻጸሩት ጥቂት ናቸው፤ ስለዚህ ቁጥሩን በጥንቃቄ መያዝ አለብን። ቢሆንም ይህ ሁለተኛው ውጤት ቀላል አይደለም። የማይሠራ መድኃኒት ማለት ለታማሚው ያለ ጥቅም የወደቀ ፀጉር፣ ያለ ጥቅም የወጣ ገንዘብ፣ ከሁሉም በላይ ያለ ጥቅም ያለፉ ወራት ማለት ነው።

ሕግም እየተከተለ ነው። በ2022 መጨረሻ በአሜሪካ የጸደቀ ሕግ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት የግድ በእንስሳት ላይ ይፈተን የሚለውን ግዴታ አንስቶ እንዲህ ያሉ የሴል ሞዴሎችን እንደ አማራጭ አካቷል።

ያልተፈቱት ነገሮች

አሁን ደግሞ የራሴን ዘርፍ ልውቀስ። ስፌሮይድም ሆነ ኦርጋኖይድ በአብዛኛው የደም ስር የለውም። የበሽታ መከላከያ ሴሎችም የሉትም፤ ስለዚህ በእነርሱ በኩል የሚሠሩ አዳዲስ ሕክምናዎችን ለብቻው ሊፈትን አይችልም። ማትሪጄል ራሱ የአይጥ እጢ ውጤት ነው። በውስጡ ያለው ነገር ሙሉ በሙሉ የተለካ አይደለም፤ ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላውም ይለያያል። ኢግል በ1955 ከግምት ያወጣው ሙያ በጄሉ በኩል ወደ ግምት ተመልሶ ገብቷል። ለዚህ ነው ብዙዎቻችን ኢንጂነሮች ልስላሴውና ይዘቱ በቁጥር የሚታወቅ ሰው ሠራሽ ጄል ለመሥራት የምንደክመው። ወጪውም አለ። ጠፍጣፋ ሳህን ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ማንም ይሠራዋል። መጀመሪያ ላይ የጠየቅኩት ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ የጠፍጣፋው ሳህን ዕድሜ የረዘመው እውነትን ስለሚናገር ሳይሆን ስለሚመች ነው።

ስለዚህ ጠፍጣፋውን እንጣለው አልልም። አንድ ፕሮቲን ከሌላው ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ለማወቅ እንጀራው ይበቃል። መድኃኒት እጢ ውስጥ ይደርስ እንደሆነ ለማወቅ ግን ድፎው ያስፈልጋል። ጥያቄው ሳህኑን ይምረጥ እንጂ ሳህኑ ጥያቄውን አይምረጥልን።

ይህ የባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ ከመሰላችሁ ተሳስታችኋል። «የካንሰር ሴሎችን የሚገድል ቅጠል ተገኘ»፣ «እገሌ የተባለው ፍሬ በ48 ሰዓት ውስጥ ካንሰርን አጠፋ» የሚል ዜና በየጊዜው በስልካችሁ ይደርሳችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ዜናው ሙሉ በሙሉ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ከጀርባው በጠፍጣፋ ሳህን ላይ የተሠራ እውነተኛ ሙከራ ሊኖር ይችላል። ችግሩ በረኪናም ቢሆን በሳህን ላይ የካንሰር ሴሎችን ይገድላል። በአንድ ረድፍ የተነጠፈን ሴል መግደል ቀላል ነው። ከባዱ ያን ሁለት ፀጉር የሚያህል ርቀት አልፎ፣ አየር አጥሮት የተደበቀውን ሴል ማግኘት፣ ያውም ጤነኛውን ሳይነኩ ነው።

እንዲህ ያለ ዜና ሲደርሳችሁ፣ በተለይ ደግሞ የታመመ ሰው ያለበት ቤት የጀመረውን ሕክምና ሊያስጥል ሲል፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «የገደለው የት ላይ ነው?»